ጋዋኑ በተመለሰ ማግስት

(ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን ኮሙናል ውስጥ ለዘንድሮ ተመራቂዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። «በጽሑፍ ይሰጠን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት።)

እንኳን ደስ አላችሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ጥቁር ጋዋን ተሰጥቶ አየሁ። ታጥቧል። ከጫፉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የልጅቷ እናት ከስሩ ቆመው ሽብሽቡን በእጃቸው ያቃናሉ። ነገ ሊመለስ ነው አሉኝ።

ከጋዋኑ ጋር አብሮ የሚመለስ ሌላ ነገር አለ። እሱን ማንም አይነግራችሁም። ካምፓስ ሳላችሁ ራሳችሁን ሲያማችሁ፣ ሆዳችሁን ሲቆርጣችሁ፣ የተማሪ መታወቂያ ይዛችሁ ክሊኒክ ትሄዱ ነበር። ክሊኒኩ ሲከብደው ሪፈር ይጽፍላችኋል። ሰልፉ ያሰለቻል፣ መድኃኒቱ አንዳንዴ አይገኝም፣ «ለሁሉም በሽታ ፓራሲታሞል» እያላችሁ ታማርራላችሁ። እኛም እንዲያ እንል ነበር። ግን በር ነበር። መሄጃ ነበራችሁ። ከተመረቃችሁ ወዲህ ያ መታወቂያ ማስታወሻ ብቻ ነው።

አሁን እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ነገ ብትታመሙ ማን እንደሚከፍል ታውቃላችሁ? «አባባ» እንዳትሉኝ። አባባ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን እያየሁት ነው።

የራሴን ልንገራችሁ።

እኔ በ2009 ዓ.ም. ነው የተመረቅኩት፣ በአካውንቲንግ። ከዚያ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ አጎቴ ጋ መጣሁ። ሰባት ወር ሥራ አጣሁ። ሲቪ ፕሪንት ማስደረጊያና ታክሲ ብቻ ስንት እንደፈጀብኝ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ስቱዲዮ ተከራየን፣ ፍራሽ ገዛን፣ አንድ ድስት ገዛን። ውሌ ላይ «የሙከራ ጊዜ 45 ቀን» ይላል። ያኔ ሕጉ እንደዚያ ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። የሥራ ቀን ነው የሚለው፣ እሁድና በዓል ሲወጣ ከሁለት ወር ያልፋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ38ኛው ቀን እምብርቴ አካባቢ ያመኝ ጀመር። የበላሁት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ህመሙ ወደ ቀኝ ወረደ። ጓደኛዬ «ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች። ኪሴ ውስጥ 140 ብር ነበረኝ። ደሞዝ ሊደርስ 9 ቀን ይቀረዋል። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ ከዚያ አልትራሳውንድ ሊሉኝ ይችላሉ፣ ከዚያ መድኃኒት። በልቤ ደመርኩት። አካውንታንት አይደለሁ? ድምሩ 140ን ሲያልፍ «ነገ ይሻለኛል» አልኩ። ፋርማሲ ሄጄ ማስታገሻ ገዛሁ።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ሐኪም ቤት ያልሄድኩት ስላልገባኝ አይደለም። የተማርኩ ነኝ። የቀኝ ጎን ህመም ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ያልሄድኩት ዋጋውን ስለፈራሁ ነው። ዋስትና የሌለው ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያማክረው ኪሱን ነው።

ማስታገሻው ህመሙን ሸፍኖ አንድ ቀን ተኩል አቆየኝ። ሥራም ሄድኩ። የሙከራ ጊዜ ላይ ነኛ፣ እንዴት እቀራለሁ? በሦስተኛው ሌሊት መቆም አቃተኝ። ጓደኛዬ ባጃጅ ጠራች። ይህን ኮብልስቶናችንን ታውቁታላችሁ። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ጥርሴን እየነከስኩ ድምፅ ላለማውጣት እታገላለሁ። ሹፌሩ ልጅ ነው፣ «እህቴ አይዞሽ፣ እህቴ አይዞሽ» እያለ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ወሰደኝ። ገንዘብም አልተቀበለን።

መጀመሪያ የሄድንበት የመንግሥት ሆስፒታል አልጋ የለም ተባልን። ሁለተኛው የግል ነው። አዩኝ፣ ሆዴን ጫን አደረጉት፣ «ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳ አልቀረም፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን» አሉ። ከዚያ አንዲት ነርስ ለጓደኛዬ ቀስ ብላ «ማስያዣ 12 ሺህ ብር» አለቻት። የኔ የወር ደሞዝ 3 ሺህ 200 ነበር። እሱንም ገና አንዴ ነው የተቀበልኩት።

አጎቴ ሌሊት ጎረቤት አንኳኳ። እዚህ ዛሬ ከተቀመጡት ውስጥ ያን ሌሊት በር የከፈቱለት አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደግሜ ልበል። የባቻችን ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ አዋጡ፣ ግማሾቹ እንደኔ ሥራ ፈላጊ ናቸው። ሃምሳ ብር የላከ አለ። የሱን ሃምሳ ብር እስከዛሬ አልረሳሁትም። እናቴ ጊደሯን ሸጠች።

በማግስቱ አባቴ መጣ። አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው እስከዛሬ ከዐይኔ የማይጠፋው።

አባቴ ገበሬ ነው፣ የጊምቢቹ ሰው፣ ጨፌ ዶንሳ አካባቢ። በጠዋት ተነስቶ ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ መጣ። እኔን ከማየቱ በፊት ሂሳብ ክፍል ሄደ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፈታው። የጤና መድህን መታወቂያው ነው። በሁለት እጁ አድርጎ በመስኮቱ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ሰጣት። ልጅቷ ተቀበለችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። «አባቴ፣ ይሄ እዚህ አይሠራም» አለች። ድምጿ ክፉ አልነበረም። እሱም «እሺ ልጄ» ብሎ ተቀበለ። ላስቲኩን መልሶ ሲጠቀልለው ጓደኛዬ አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር። የነገረችኝ እሷ ናት።

መታወቂያው ለምን አልሠራም? ሆስፒታሉ የግል ነው፣ ከአባቴ ወረዳ ጋር ውል የለውም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን ይብሳል። ውል ቢኖረውም እንኳ ስሜ እዚያ ላይ የለም። አንድ ወቅት ነበር።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመርጠው ነበር፣ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ። ከኦሮሚያ አንዱ ጊምቢቹ ነው። እኔ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነኝ። ገበሬው ተሰብስቦ ሲነገረው ትዝ ይለኛል። አንድ ቤተሰብ በዓመት 180 ብር ይከፍላል፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ ሳይከፍል ይታከማል፣ ከባድ ከሆነ በሪፈር ሆስፒታል ይሄዳል። አባቴ ቤት ገብቶ «ላልታመምኩት በሽታ ብር ልክፈል?» ብሎ ሲያጉረመርም እራት ቀረበ። እናቴ ናት ያሳመነችው። «ዕድር የምትከፍለው ሞተህ ነው?» አለችው። ዝም አለ። በዚያው ዓመት ክረምት ታናሽ እህቴን የሳንባ ምች ያዛት፣ ተኝታ ታክማ ዳነች፣ ቤታችን አንዲት ሳንቲም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ አባቴ የመድህኑ ሰባኪ ሆኖ ቀረ። ገበያ ላይ ሳይቀር ስለሱ ያወራል።

እና እኔ 18 ሲሞላኝ ከቤተሰቡ አባልነት ወጣሁ። ሕጉ እንደዚያ ነው። አባልነቱ የቤተሰብ ነው፣ አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። ከ18 በላይ የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ተጨማሪ ይከፈልበታል። አባቴ ለኔ ተጨማሪ አልከፈለም። ለምን ይክፈል? ካምፓስ ነኝ፣ ክሊኒክ አለኝ። ልክ ነበር። ያ ልክ ነገር ሦስት ዓመት ቆይቶ ልክ አልሆነም፣ ግን የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀይ ምልክት የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ቁጠሩት። ከአባቴ ቤት በ18 ዓመቴ ወጣሁ። ከካምፓስ በ21 ዓመቴ ወጣሁ። ሥራ ቦታ ገብቼ ገና አልገባሁም። አገሩ ሁሉ ቤተሰብ ነህ ወይ፣ ተማሪ ነህ ወይ፣ ሠራተኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሦስቱንም አልነበርኩም። ከበሩ ሁሉ ውጭ ነበርኩ፣ ግን ከየትኛውም በጥፋቴ አልወጣሁም።

ሥራውስ? ወደዚያ 45 ቀን ልመለስ። የህመም ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። የድሮውም ሕግ፣ የአሁኑም እንደዚያ ይላል። የጨረሰ ሰው በአሁኑ አዋጅ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር ግማሽ ያገኛል፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ቦታው ይጠበቅለታል። እኔ ሰባት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሰባት ቀን። ከሆስፒታል ስወጣ ስልክ ተደወለልኝ፣ «አዝነናል፣ የሙከራ ጊዜሽን ስላላጠናቀቅሽ» ተባልኩ። በሕግ ይችላሉ። አልከሰስኳቸውም፣ አልተሳደብኩም። ዕዳዬን ከፍዬ ለመጨረስ ግን 14 ወር ፈጀብኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ሠራተኛ ከሆንን በኋላ ከደሞዝ የሚቆረጥ የጤና መድህን የለም ወይ?» ትላላችሁ። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ፣ ቁጥር 690፣ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደሞዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ይከፍላሉ ተብሎ ታሰበ። አዋጁ ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ተመርቄ፣ ተቀጥሬ፣ ታምሜ፣ ተባርሬ ስጨርስ ከደሞዜ የተቆረጠ አንድም የጤና መድህን ብር አልነበረም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። በወረቀት ያለና ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ነገር የተለያዩ መሆናቸውን እንድታውቁ ነው። ቅጥር ስታገኙ «ሕክምና አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም። አንዳንድ ድርጅት ከክሊኒክ ጋር ውል አለው፣ አንዳንዱ ደረሰኝ ስታመጡ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ምንም የለውም። ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከሙከራ በኋላ ብላችሁም ጠይቁ። ሌላም ልጨምር። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ነው የሚጸናው። በአፍ «ሙከራ ላይ ነሽ» ማለት አይበቃም። ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰባችሁ ደግሞ፣ ሙከራ ላይም ብትሆኑ፣ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። እዚህ አካባቢ ግንባታና ፋብሪካ ስለምትገቡ ነው ይህን የምጨቀጭቃችሁ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ጉዳይ ልምጣ።

ጤና መድህኑ አዲስ አበባም ገብቷል። እኔም ከታመምኩ በኋላ፣ ወደ እኛ ወረዳ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ልሁን ብዬ ሄድኩ። «የነዋሪነት መታወቂያ» አሉኝ። የለኝም። የጊምቢቹ ነው ያለኝ። ከዚያ መሸኛ አምጪ፣ እዚህ የምትኖሪበትን ቤት አከራይ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። አከራያችን ደግሞ ፈራ። «ግብር ቢመጣብኝስ፣ ቤቱን የኔ ነው ብትይስ» አለ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ሰው ያወራውን ሰምቶ ነው። በዚህ ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። ከዚህ ኮንዶሚኒየም ተከራዩን ልጅ ብትጠይቁት ግማሹ እንደዚያ ነው። የሚኖረው እዚህ፣ ስሙ ያለው አገር ቤት። አገር ቤት ያለው የመድህን መታወቂያ ላይም 18 ስለሞላው ስሙ የለም።

ስለዚህ ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ 18 ሞልቷት ካምፓስ ስትሄድ ስሟ እንዲቆይ ተጨማሪውን መዋጮ ክፈሉ። ከቻላችሁ በምርቃቷ ዓመት እንኳ አትዝለሉ። መዋጮው በየጊዜው ስለሚከለስ ልኩን ከወረዳ ጠይቁ። ስንትም ቢሆን ከጊደር አይበልጥም። ምዝገባና እድሳት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፣ የሚታወጅ ጊዜ አለው። ታሞ መሮጥ አያዋጣም።

ወጣቶች፣ ያላገባችሁ ብትሆኑም ብቻችሁን እንደ አንድ ቤተሰብ መመዝገብ ትችላላችሁ። «ለአንድ ሰው የቤተሰብ መዋጮ መክፈል ኪሳራ ነው» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። አባቴም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የሚያወራው። አገልግሎቱ ሁሉን አይሸፍንም፣ ልንገራችሁ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውበት ቀዶ ሕክምና የለበትም። ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀመረው፣ ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ዋጋ ያስከፍላችኋል። መድኃኒት ጠፍቶ ከውጭ ግዙ የምትባሉበት ቀንም ይኖራል፣ ያናድዳል። ቢሆንም ትርፍ አንጀት ሲያማችሁ በልባችሁ ከመደመር ያድናችኋል።

ገና ምንም የሌላችሁ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡም ምንም የማይኖራችሁ፣ እናንተን አልረሳሁም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሳይከፈልባቸው የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። የነፍሰ ጡር ክትትልና ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ክትባት፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ቤት አትቀመጡ፣ ብር የለኝም ማለት ለዚህ ምክንያት አይሆንም። መኪና ቢገጫችሁ ደግሞ፣ ይህ የፈጣን መንገዱ ጫፍ ነው፣ ሞተር የምትነዱም አላችሁ፣ በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂ በገንዘብ ጣሪያ የተወሰነ ድንገተኛ ሕክምና ደንግጓል። ሁሉን ወጪ አይሸፍንም። የመጀመሪያውን በር ለማስከፈት ግን ይበቃል። አብሯችሁ ያለ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፣ የተገጨው ሰውዬ አይናገርማ።

በጣም ደሃ የሆነ ቤተሰብ ካለ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት መንገድም አለ፣ ልየታው በወረዳ ነው። ይሉኝታ ይዞት የቀረ ጎረቤት ብታውቁ ዝም አትበሉ። ስሙን ለኔ ንገሩኝ፣ እኔ እሄዳለሁ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ከዕድራችን ጋር ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ትናንት ማታ ከፍቼ አየሁት። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስት አለን፣ ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። በዚህ እኮራለሁ። ግን እኔ ያን ሌሊት ብሞት ኖሮ ዕድሩ ለቤተሰቤ የሚያወጣው ገንዘብ አለ፣ እንድድን የሚያወጣው አልነበረም። አጎቴ በየቤቱ እያንኳኳ ለመነ እንጂ ከሳጥኑ አልወጣለትም፣ ደንቡ ላይ ስላልነበረ። ሊቀመንበራችን እዚህ አሉ፣ ባለፈው ሳምንት ተነጋግረናል፣ አልተቃወሙም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከአባሎቻችን ቤት ለተመረቀ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት የጤና መድህን መዋጮ ዕድሩ እንዲከፍል፣ ልጁ ሥራ ሲይዝ እንዲመልስ። ሁለተኛ፣ መታወቂያ ለሚያወጣ ተከራይ የዕድሩ ኮሚቴ እዚህ እንደሚኖር በደብዳቤ እንዲመሰክርለት። ወረዳው ደብዳቤውን ይቀበላል አይቀበልም ሄደን እናየዋለን። ባለ ቤቶች፣ እናንተ ድምፅ ስላላችሁ እለምናችኋለሁ፣ እነዚህ ልጆች ደረጃውን የሚወጡት ከእናንተው ልጆች ጋር ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጫለሁ። ስም፣ ብሎክ፣ መታወቂያው የየት እንደሆነ፣ ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ከብሎኩ ፊት ለፊት፣ የባጃጅ ተራው ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፣ ወረዳ አብረን እንሄዳለን። ምዝገባው ካልተከፈተ ቀኑን ጠይቀን እንመለሳለን። መሸኛ የጎደለው ካለ ምን እንደሚያስፈልገው እዚያው ይነገረዋል። ያ ሌሊት የወሰደኝ ባጃጅ ሹፌር እስከዛሬ እዚያ ተራ ይሠራል፣ አሁን አግብቶ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ትናንት ስነግረው «እኔም የለኝም፣ ጻፊኝ» አለኝ። የደብተሩ የመጀመሪያ ስም የሱ ነው።